በዓይን የማይታየውን አየር ስለ መቍጠር

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወደ ሰላ ድንጋይ ለትምህርት የመጣ አንድ ብላቴና ነበረ። ከባልንጀሮቹ ጋራ አቀበቱን በሮጠ ጊዜ ትንፋሹ ቍርጥ ቍርጥ ስላለ ከመንገድ ዳር ተቀመጠ። የደጋ ልጆችም «ሰነፍ!» ብለው ሣቁበት። እኔም መምህራቸው ስሆን በልቤ እንደ እነርሱ ፈርጄ ነበርሁ። ነገር ግን ከመፍረድ አስቀድሞ አየሩን መቍጠር ይገባን ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ባዶ የምትሉት ጠርሙስ ባዶ አይደለም። በውስጡ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የአየር ቅንጣቶች ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፤ የጠርሙሱንም ግድግዳ ሳያቋርጡ ይመታሉ። በረዶ በቆርቆሮ ቤት ላይ ሲወርድ የአንዲቱ ጠጠር ድምፅ ለብቻው አይለይም፤ ሁሉም አንድ ጩኸት ይሆናል። እንዲሁም የቅንጣቶቹ ምት ሁሉ ተደምሮ አንድ ግፊት ይሆናል። ቅንጣቶቹ ቢበዙ ግፊቱ ይበረታል፤ አየሩ ቢሞቅም ፈጥነው ስለሚሮጡ ይበረታል። ስለዚህ ግፊቱንና ሙቀቱን የለካ ሰው ቍጥራቸውን ያገኛል። ጤፍ ሻጭም አንድ ኪሎ 3 ሚሊዮን ያህል ቅንጣት እንዳለው ካወቀ፥ ጆንያውን መዝኖ ቍጥሩን መናገር ይችላል። በቪየና ከተማ የነበረ ዮሴፍ ሎሽሚት የሚባል መምህር በ1865 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአየርን ቅንጣት መጠን አስልቶ ለዚህ ቍጥር መንገድ ከፈተ።

እኛም እናስላ። ሰላ ድንጋይ ከባሕር በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሯ ግፊት 72,000 ፓስካል ገደማ ነው፤ ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው። አንድ ሊትር የሜትር ኩብ አንድ ሺሕኛ ነውና 72,000ን ለ1,000 ብናካፍል 72 ይሆናል። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ቢሆን 273 እንጨምርበታለን፤ የቅንጣቶች ሩጫ የሚያበቃበት ብርድ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ነውና ከዚያ መጀመር ያሻል። ድምሩ 288 ነው። 72 ለ288 ሲካፈል ሩብ፥ ማለት 0.25 ይሆናል። ይህንም ሊቃውንት ለአንዲት ቅንጣት ለይተው ላገኙት ቍጥር እናካፍላለን፤ እርሱም ከነጥቡ በኋላ 22 ዜሮ ተጽፎ 138 የሚከተልበት ነው። መልሱ 18 ተጽፎ 21 ዜሮ የሚከተለው ነው። ኢትዮጵያ በዓመት የምታፈራው ጤፍ ሁሉ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢከመር ቅንጣቱ ወደዚህ ይቀርባል። በጣት ለመቍጠር የሚደፍር ካለ ዛሬውኑ ይጀምር!

አሁን ወደ ብላቴናው እንመለስ። በሸዋ ሮቢት ግፊቱ 87,000 ያህል ነው። የደጋ ብርድ ቅንጣቶቹን ጥቂት ያቀራርባቸዋል፤ ነገር ግን አየሩ ሳንባ ውስጥ ሲገባ በሁለቱም አገር በሰውነት ሙቀት ስለሚሞቅ ያ ትርፍ ይጠፋል፤ ቍጥሩም ግፊቱን ብቻ ይከተላል። እንግዲህ ብላቴናው በአገሩ 6 ቅንጣት ይስብ በነበረበት ትንፋሽ በእኛ ዘንድ 5 ብቻ ይስባል። የጐደለውን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ግድ ሆነበት።

ስሌቱን በሰሌዳ ጻፍሁ፤ ማካፈሉንም የሣቁት ልጆች እንዲሠሩት አደረግሁ። አንዱ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ሰው በደጋ ሲሰነብት ደሙ ቀይ ሕዋሳትን እያበዛ ከጥቂቱ አየር ብዙ መቅሰም ይለምዳል፤ ብላቴናውም ከሳምንታት በኋላ አቀበቱን ከእነርሱ ጋራ ወጣ።