በቢሮ የመልዕክት መተግበሪያ ውስጥ ‘እንግዳ’ ማን ነው? ከጂቡቲ ወደብ የሚነሳ ጥያቄ

ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ በኩል ያልፋል። አንድ ኮንቴይነር ከዶራሌ ወደብ ተነስቶ በጋላፊ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ድረስ ግን የሚጓዘው ዕቃው ብቻ አይደለም። የጭነት ሰነዱ፣ የክፍያ ማረጋገጫው፣ የሹፌሩ ስም እና የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥርም ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያሉት ሰዎች የአንድ ድርጅት ሠራተኞች አይደሉም። አስመጪው አዲስ አበባ ነው። ትራንዚተሩ ጂቡቲ ከተማ ውስጥ ቢሮ አለው። የመርከብ ወኪሉ፣ የትራንስፖርት ድርጅቱ እና ባንኩ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አለቃ እና የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ሥራው እንዲፋጠን ሲባል ሁሉም በአንድ የመልዕክት ቡድን ውስጥ ሊሰባሰቡ ይችላሉ።

ለቢሮ ሥራ የተዘጋጁ የመልዕክት መተግበሪያዎች ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ያበጁት መላ አላቸው፤ ይኸውም ተጠቃሚዎችን በዓይነት መለየት ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የአንድን ጭነት ዋጋ ማን ማየት እንደሚችል፣ በድርጅቱ ስም ማን መናገር እንደሚችል እና ሥራውን የለቀቀ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

አራቱ ዋነኛ ዓይነቶች

ስያሜው ከመተግበሪያ መተግበሪያ ቢለያይም አብዛኞቹ አራት ዓይነት ሰዎችን ይለያሉ።

የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ነው። አዲስ አካውንት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ለሌሎች ምን እንደሚፈቀድ ይወስናል። ሁለተኛው መደበኛ ተጠቃሚ ወይም ሠራተኛ ሲሆን የድርጅቱን የሠራተኞች ዝርዝር እና ለሁሉም ክፍት የሆኑ የውይይት መድረኮችን ያገኛል።

ሦስተኛው እንግዳ ነው። የሌላ ድርጅት ሰው ሆኖ ለተወሰነ ሥራ ወደ ውስጥ የተጋበዘ ነው። የሚያየውም የተጋበዘበትን ውይይት እና በዚያ የተቀመጡ ፋይሎችን ነው። አራተኛው የውጭ ኮንታክት ነው። እርሱ መልዕክት ይልካል፣ ይቀበላል፤ የድርጅቱን የውስጥ መድረኮች ግን አያገኝም።

ልዩነቱ ከመኖሪያ ግቢ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ሠራተኛው ቤተኛ ነው፣ ቁልፍ ይዟል። እንግዳው ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል። የውጭ ኮንታክት ደግሞ በር ላይ ቆሞ ጉዳዩን ተናግሮ ይመለሳል። አስተዳዳሪው ቁልፉን የሚያስቀርጸው ሰው ነው።

በዚህ መሠረት ጂቡቲ ከተማ የሚገኝ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የራሱን ጉዳይ አስፈጻሚዎች ሠራተኛ፣ የአስመጪውን ተወካይ የዚያ ጭነት እንግዳ፣ የመርከብ ወኪሉን ደግሞ የውጭ ኮንታክት አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። ይህ ካልሆነ አንዱ አስመጪ የተፎካካሪውን ደረሰኝ የሚያይበት ዕድል ይፈጠራል።

የሚረሳው እንግዳ

ማይክሮሶፍት ‘ቲምስ’ የተሰኘውን መተግበሪያ ለገበያ ያቀረበው እአአ በ2017 መጋቢት ወር ሲሆን የእንግዳ አገልግሎትን የጨመረው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። በዚህ መተግበሪያ እንግዳ ሲጋበዝ ስሙ በጋባዡ ድርጅት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ እንግዳውን ከአንድ ቡድን ማስወጣት አካውንቱን ከመዝገቡ አይሰርዘውም። አስተዳዳሪው ለይቶ ካላጠፋው ጭነቱ ከተራገፈ ከዓመታት በኋላም እዚያው ይቆያል።

‘ስላክ’ በበኩሉ እንግዶችን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው አንድ ቻናል ብቻ የሚፈቀድለት ሲሆን ሌላኛው ወደ ተመረጡ በርካታ ቻናሎች የሚገባ ነው። ለእንግዳው የቆይታ ገደብ ማስቀመጥም ይቻላል። ቀኑ ሲደርስ በሩ በራሱ ይዘጋል።

እንዲህ ያለው የጊዜ ገደብ ለወደብ ሥራ የሚስማማ ነው። አንድ ጭነት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የእንግዳው ፈቃድም እንዲሁ ሊኖረው ይችላል።

መስመር ላይ መሆንን ማን ያያል?

ሰዎችን የመለየት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እአአ በ1999 ይፋ የሆነው እና በኋላ ኤክስኤምፒፒ የሚል መጠሪያ የተሰጠው ‘ጃበር’ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት በአራት ደረጃ ያስቀምጣል። እነርሱም ማንም ማንንም የማያይበት፣ አንደኛው ብቻ ሌላውን የሚያይበት፣ የዚህ ግልባጭ፣ እና ሁለቱም የሚተያዩበት ናቸው።

እዚህ ላይ ‘ማየት’ ሲባል ሰውየው መስመር ላይ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው። ቀላል ቢመስልም መረጃ ነው። አንድ ሠራተኛ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚጀምር፣ ቢሮው መቼ ባዶ እንደሚሆን ከዚሁ መገመት ይቻላል። ስለዚህ ሥርዓቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከባብ ኤል መንደብ ማዶ የተሰማው ስህተት

ሰዎችን አለመለየት የሚያስከትለውን መዘዝ ዓለም ያየው እአአ በመጋቢት 2025 ነበር። ጉዳዩ ከጂቡቲ በጠባቡ የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ብቻ ከምትለየው የመን ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በሁቲዎች ላይ ሊፈጸም ስለታቀደ ጥቃት ‘ሲግናል’ በተሰኘው መተግበሪያ ሲወያዩ የ‘ዘ አትላንቲክ’ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጄፍሪ ጎልድበርግ በስህተት በቡድኑ ውስጥ ተካትቶ ነበር።

‘ዘ ጋርዲያን’ በኋላ እንደዘገበው የወቅቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ማይክ ዋልትዝ ስልክ ላይ የጋዜጠኛው ቁጥር በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ነበር።

ሲግናል መልዕክትን ከጠላፊ ለመጠበቅ የሚያስችል ጠንካራ ምስጠራ አለው። ምስጠራው ግን ቡድኑ ውስጥ የገባው ሰው ባልደረባ ይሁን ጋዜጠኛ አይለይም። ድርጅቱ የሚቆጣጠረው መዝገብ ስለሌለ ‘ይህ ሰው ከውጭ ነው’ የሚል ምልክት ከስሙ ጎን አልታየም።

በር ላይ የቆመው አታላይ

የውጭ ኮንታክት ወደ ውስጥ ስላልገባ ብቻ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት እአአ በነሐሴ 2023 እንዳስታወቀው ከሩሲያ ጋር ግንኙነት አለው የሚለው የጠላፊዎች ቡድን የአነስተኛ ድርጅቶችን አካውንቶች ሰብሮ ከገባ በኋላ የቴክኒክ ድጋፍ ሠራተኛ በመምሰል በቲምስ መልዕክት ይልክ ነበር። ዓላማው ተቀባዮቹ የመግቢያ ማረጋገጫቸውን እንዲያጸድቁ ማግባባት ነበር። ጥቃቱ የነካቸው ድርጅቶች ከ40 ያነሱ እንደሆኑ ኩባንያው ገልጿል።

ሌላው ማታለያ የባንክ ሒሳብ መቀየር ነው። አታላዩ ነባር የሥራ አጋር መስሎ ‘ክፍያውን በዚህ አዲስ ሒሳብ አስገቡ’ ይላል። የአሜሪካ የፌደራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የንግድ ኢሜይሎችን በመጠቀም በሚፈጸም ተመሳሳይ ማጭበርበር እአአ በ2023 ብቻ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ሪፖርት እንደተደረገለት አስታውቋል።

የዘገየ ኮንቴይነር በየቀኑ ወጪ ስለሚያስከትል በወደብ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ ይቸኩላል። አታላይ የሚፈልገውም ይህንኑ ጥድፊያ ነው።

ዋትስአፕ ለምን በቂ አይሆንም?

የዋትስአፕ ቡድን እስከ 1,024 አባላት ይይዛል። በውስጡ ያሉት ዓይነቶች ግን አስተዳዳሪ እና አባል ብቻ ናቸው። ሠራተኛው፣ ደንበኛው፣ ሹፌሩ እና ደላላው እኩል ይሆናሉ፤ የተላከውን ሰነድ ሁሉም ያያሉ። አካውንቱም የግለሰቡ ስልክ ቁጥር እንጂ የድርጅቱ ንብረት አይደለም። ሠራተኛው ሲለቅ አንድ ሰው አስታውሶ ካላስወጣው በቡድኑ ይቀጥላል፤ ቢያስወጣውም ስልኩ ላይ የቀረው ሰነድ አብሮት ይሄዳል።

በሌላ በኩል ሹፌሩ ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‘ዋትስአፕን ተዉ’ ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ መለየት ነው። የጉዞ መረጃ ከሹፌሮች ጋር በሚገናኙበት ቡድን ሊቀጥል ይችላል፤ ደረሰኝ፣ ዋጋ እና የባንክ መረጃ ግን ድርጅቱ በሚያስተዳድረው ሥርዓት ውስጥ መቆየት አለባቸው።

ሁለተኛው፣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ለጥቂቶች ብቻ መስጠት፣ ነገር ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ አለመተው ነው። ብቸኛው አስተዳዳሪ ከለቀቀ ቢሮው የራሱን ቁልፍ ያጣል።

ሦስተኛው፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጋባዥ፣ ምክንያት እና የመጨረሻ ቀን መመዝገብ ነው። አራተኛው ደግሞ የባንክ ሒሳብ ለውጥን በመልዕክት ብቻ አለመቀበል፣ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ጉዳዩ የሕግ ገጽታም አለው። የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ደኅንነቱን እንዲጠብቁ ግዴታ ይጥላል። የሹፌሩ ስም እና ስልክ ቁጥርም የግል መረጃ ናቸው።

ለአንድ አነስተኛ ቢሮ ይህ ሁሉ የሚጀምረው በቀላል ሥራ ነው፤ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ማንበብ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ‘ይህ ሰው ዛሬ ለእኛ ማን ነው?’ ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ፣ ያ ስም እዚያ የሚቆይበት ምክንያት የለም።