ቅንጣትን መከተል፦ ከመተማ ነፋስ እስከ ጓንግ ደለል

በኮምፒውተር የሚሠራ የአየር ወይም የውኃ ፍሰት ስሌት በመጀመሪያ የሚሰጠው የፍጥነት ሠንጠረዥ ነው። አየሩ ወይም ውኃው በምናባዊ መረብ ይከፋፈልና በእያንዳንዱ የመረቡ ዓይን ፍሰቱ ወዴት፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ይሰላል። ሠንጠረዡ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ግን እዚህ የደረሰው አየር ከየት እንደመጣ፣ ነገም የት እንደሚያድር አይናገርም። ይህን ለማወቅ ምናባዊ ቅንጣት በፍሰቱ ውስጥ ትለቀቅና ፍሰቱ በወሰዳት ሁሉ ቦታዋ ይመዘገባል። በአንድ ቦታ ቆሞ የሚያልፈውን ፍሰት የሚለካው አሠራር በኦይለር፣ ከቅንጣቷ ጋር አብሮ የሚጓዘው ደግሞ በላግራንዥ ስም ይጠራል፤ ሁለቱም የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመተማ ቆላ ጎልቶ ይታያል። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ክረምት ሲገባ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። የሐምሌን የነፋስ ካርታ የተመለከተ ሰው ቀስቶቹን ወደኋላ እያገናኘ ሱዳንን አቋርጦ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ መድረስ ይችላል። ይህ የተሰመረው መስመር ግን የአንድ ቅጽበት ምስል እንጂ አየሩ የተጓዘበት መንገድ አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው እስከ መተማ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰከንድ 5 ሜትር የሚጓዝ አየር ለመድረስ 8 ቀን ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀናት ቀስቶቹ ብዙ ጊዜ ይዞራሉ። ፍሰቱ ሳይለወጥ የሚቆይ ቢሆን ኖሮ መስመሩና ዱካው አንድ በሆኑ ነበር፤ የከባቢ አየር ነፋስ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም።

ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። ቅንጣቷ ባለችበት ቦታ ያለው ፍጥነት በአጭር የጊዜ እርምጃ ይባዛና አዲሱ ቦታዋ ይገኛል፤ ከዚያ ይደገማል። ችግሩ ቅንጣቷ በመረቡ ማዕዘኖች ላይ ሳይሆን በመካከላቸው መገኘቷ ነው፤ ስለዚህ የስምንቱ ማዕዘኖች ፍጥነት እንደየቅርበታቸው ተመዝኖ ይወሰድላታል። ሁለተኛው ችግር እርምጃው ራሱ ነው። ነፋሱ በሚታጠፍበት ቦታ በመነሻው ፍጥነት ብቻ ቀጥ ብሎ መሄድ ቅንጣቷን ከመንገዷ ያስወጣታል፤ በእዙር ውስጥ ክብ መዞር የሚገባት ቅንጣት በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ እየሸሸች ትጠፋለች። ካርል ሩንገና ቪልሄልም ኩታ እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1901 ያዳበሩት ዘዴ ይህን ያርማል። በስፋት የሚሠራበት የዚህ ዘዴ ዓይነት በአንድ እርምጃ ውስጥ ፍጥነቱን አራት ጊዜ፣ ከመነሻው፣ ሁለቴ ከመካከሉና ከመድረሻው ወስዶ ያማክላል።

የመረቡ ዓይን ስፋት ግን በተሻለ ቀመር አይታረምም። ለብዙ ዓመታት በሰፊው ሲሠራበት የነበረው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል የመረጃ ስብስብ፣ ኤራ ኢንተሪም፣ የመረቡ ዓይን ወርዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የነፋስ ምስሎቹም በየ6 ሰዓቱ ነበሩ። ከመተማ እስከ ጎንደር በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርቀት ምድሩ ከ700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሁለት የመረብ ዓይን ይህን ሁሉ ገደልና ሸንተረር ለስላሳ ዳገት አድርጎ ያየዋል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስም በ6 ሰዓት 216 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ በሁለት ምስሎች መካከል ዳገቱን ሙሉ በሙሉ አልፎ ይገኛል። አየር ሽቅብ ተገፍቶ ዝናቡን የሚጥለው በዚሁ ዳገት ላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ ዱካው ይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ ይበልጥ ደካማ ነው ማለት ነው።

ያም ሆኖ ዘዴው ስለ ክረምቱ ዝናብ ትልቅ ነገር አሳይቷል። ቅንጣትን ወደኋላ ለመከተል የጊዜውን አቅጣጫ መገልበጥ ይበቃል። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤለን ቪስተና አስጌር ሶርተበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ፍሌክስፓርት በተባለው ሞዴል የሐምሌና የነሐሴን አየር ከሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ወደኋላ ተከትለዋል፤ መረጃው ከ1998 እስከ 2008 ያለው ነበር። ቅንጣቷ የምትወክለው አየር በየመንገዱ የያዘው እርጥበት ይመዘገባል፤ ሲጨምር ከታች ካለው ባሕር፣ ደን ወይም እርጥብ መሬት ተን ቀድቷል፤ ሲቀንስ ዝናብ ጥሏል። ትልቁ ድርሻ የተገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከቀይ ባሕር አካባቢ ከሚመጣ አየር ነው። በትምህርት መጻሕፍት ዋና ምንጭ ተብሎ ሲጠቀስ የኖረው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ድርሻ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በደጋው ምዕራባዊ ግርጌ ሰሊጥና ማሽላ ለሚያበቅለው ቆላም ይህ ትርጉም አለው፦ የክረምቱን መዘግየት በአትላንቲክ በኩል ብቻ መፈለግ አይበቃም።

አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ግን ምስክር አትሆንም። የመረቡ ዓይን የማይዛቸው ትንንሽ እዙሮች አየሩን ያምሱታል፤ ጎን ለጎን የተነሡ ሁለት ቅንጣቶች ከጥቂት ቀናት በኋላ በሺህ ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። ሞዴሉ ስለዚህ በየእርምጃው የዕጣ ያህል የዘፈቀደ ፍጥነት ይጨምርና በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። መልሱ አንድ ክር ሳይሆን ሰፋፊና ጠባብ ቦታ ያለው ደመና ነው። የ10 ቀን ጉዞን በአንድ ቀጭን መስመር የሚያሳይ ካርታ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ቅንጣቷ የራሷ ጠባይ ሲኖራትም ስሌቱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ሲወር የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ሃይስፕሊት የተባለውን ሞዴል ለመንጋው አስተካክለዋል፦ ቅንጣቶቹ ቀን በነፋሱ ይበራሉ፣ ሲመሽ ያርፋሉ። የኢትዮጵያን ስንዴ ከዋግ ለመጠበቅ በሚደረገው ትንበያ ደግሞ የዋግ ዘር በፀሐይ ብርሃን እየሞተ እንደሚሄድ ይታሰባል።

ክብደት ያላት ቅንጣት ነገር በጓንግ ወንዝ ላይ ይበልጥ ያሳስባል። ጓንግ የመተማን ዋልካ አፈር ተሸክሞ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ከእርሱ ጋር ይቀላቀላል። ከመገናኛቸው በታች እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ደለል ወስዶበታል። የፊዚክስ ሊቁ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 እንዳሳየው ትንሽ ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ የምትሰምጥበት ፍጥነት በውፍረቷ ካሬ ይጨምራል። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚሆን አሸዋ 1 ሜትር ለመስመጥ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከእርሱ አሥር ጊዜ የሚያንሰው ልም ደለል 3 ሰዓት ያህል፣ አምስት ጊዜ የበለጠ የሚቀጥነው የሸክላ ቅንጣት ደግሞ ከ3 ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ወንዙ የግድቡ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱ ሲወድቅ አሸዋው በመግቢያው ይከመራል፤ ሸክላው እስከ ግድቡ ግንብ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ስሌቱን ያስቸግራሉ። አንደኛው የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተጣበቁ መተለቃቸውና ብቻ ለብቻ ከሚሰምጡት ፈጥነው መውደቃቸው ነው። ሁለተኛው ወደ ወለሉ የደረሰችውን ቅንጣት የሚመለከት ነው፦ ቀርታለች ወይስ ተመልሳ ትነሣለች? በየክረምቱ የግድቡ በር ተከፍቶ ደለሉ እንዲታጠብ ሲደረግ ውኃው ትኩሱን ልም ደለል በቀላሉ ያነሣል። ለዓመታት የተጫነና የጠበቀ ሸክላ ግን ሲወድቅ ከነበረው እጅግ የሚበልጥ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ጎርፉ በበሩ አቅራቢያ ጠባብ ቦይ ቆርጦ ግራና ቀኙን እንዳለ የሚተወው ለዚህ ነው። በመሆኑም ጥሩ የደለል ሞዴል ለእያንዳንዷ ቅንጣት ከቦታዋና ከውፍረቷ ሌላ ከወደቀች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናትም መመዝገብ ይኖርበታል።