አሮጌ ላፕቶፕ ከአዲስ ራውተር ጋር ለምን አይግባባም?

ቤት ውስጥ አዲስ ራውተር ተተክሎ የሁሉም ስልክ ሲሠራ አንድ የቆየ ላፕቶፕ ብቻ አልገናኝ ካለ፣ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «እሱማ አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ»። ጥገና ቤት ሲወሰድም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ሁለቱም የችኮላ ፍርዶች ናቸው። እስከ ትናንት ከድሮው ራውተር ጋር ሲሠራ የነበረ የዋይፋይ ካርድ፣ ራውተሩ ስለተለወጠ ብቻ አይበላሽም። የተለወጠው ሁለቱ የሚግባቡበት ደንብ ነው። ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ወጪ፣ ከራውተሩ ሴቲንግ ወይም ከላፕቶፑ ድራይቨር የሚስተካከል ነገር ነው። ላፕቶፕ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ወጪ በሆነበት ጊዜ፣ ችግሩን ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ቁጠባ ነው።

ዋይፋይ በየጊዜው የሚታደስ የስምምነት ደንብ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጂ» የተባለው ደንብ በሰከንድ ቢበዛ 54 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር። በ2009 «ኤን»፣ ከዚያ «ኤሲ»፣ ቀጥሎም ዛሬ ዋይፋይ 6 የምንለው መጣ። አዳዲስ ራውተሮች የቀድሞዎቹን ደንቦችም እንዲያውቁ ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ በመርህ ደረጃ የ15 ዓመት ላፕቶፕ ከዘንድሮ ራውተር ጋር መነጋገር ይችላል። የሚያደናቅፈው፣ ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለት ሴቲንግ ለአዳዲስ ስልኮች እንዲመች የታሰበ መሆኑ ነው። ችግሩ የት እንዳለ ደግሞ ምልክቱ ይናገራል፤ የኔትወርኩ ስም ጭራሽ ካልታየ ምክንያቱ አንድ ነገር ነው፣ ስሙ ታይቶ አልገናኝ ካለ ግን ሌላ።

ስሙ የማይታየው ላፕቶፑ ራውተሩን መስማት ስላልቻለ ነው። ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ብቻ ነው፤ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እያሰራጨ ከሆነ ለነሱ የለም ማለት ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ከፍቶ የካርዱን ስም ማየት ይጠቅማል። ከ802.11 ቀጥሎ ቢ፣ ጂ እና ኤን ብቻ ተጽፎ «ኤ» ወይም «ኤሲ» ከሌለ፣ ካርዱ 5 ጊጋኸርዝን የማያውቅ መሆኑን መገመት ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት ቻናል ነው። አሜሪካ ውስጥ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በተለምዶ የሚሠራው ከቻናል 1 እስከ 11 ሲሆን፣ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን እስከ 13 ይደርሳል። በመሆኑም ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ላፕቶፕ፣ ራውተሩ በራሱ ምርጫ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ ሲቀመጥ ላያየው ይችላል፤ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማድረግ ይበቃል። ሦስተኛው ድራይቨር ነው። አንዳንድ የቆዩ ድራይቨሮች የዋይፋይ 6 ራውተርን ስም ከዝርዝሩ ውስጥ አያሳዩም፤ ኢንቴል ለበርካታ የቀድሞ ካርዶቹ ይህን የሚያስተካክል አዲስ ድራይቨር አውጥቷል። ድራይቨሩን ለማውረድ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት፣ ወይም የስልክን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ማጋራት ይቻላል።

ስሙ ታይቶ ትክክለኛው ፓስወርድ ሲገባም አልገናኝ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ጥበቃው ደንብ ይዞራል። ደብሊውፒኤ 2 የተባለው የጥበቃ ደንብ በ2004፣ ተተኪው ደብሊውፒኤ 3 ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጡ። ራውተሩ በደብሊውፒኤ 3 ብቻ ከተሞላ፣ ያንን የማያውቀው ላፕቶፕ ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም በሩ አይከፈትለትም። መፍትሔው ሁለቱን ደንቦች በአንድነት የሚቀበለውን ቅይጥ አማራጭ መምረጥ ነው። ይህም የሚደረገው በብሮውዘር የራውተሩን አድራሻ በማስገባት ነው፤ አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን፣ መግቢያ ስሙና ፓስወርዱ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛሉ። እዚያው ገጽ ላይ የ2.4 ጊጋኸርዙን ኔትወርክ ከ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም መስጠት፣ ላፕቶፑ የትኛውን እንደሚይዝ በግልጽ ያሳያል።

ይህን የሚቃወም ሰው «ለአንድ አሮጌ ዕቃ ሲባል የቤቱ ሁሉ ጥበቃ ለምን ይላላል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድንበሩም ግልጽ መሆን አለበት። ደብሊውፒኤ 2 ኤኢኤስ ከተባለው ምስጠራ ጋርና ረጅም ፓስወርድ ተሰጥቶት ዛሬም ለቤት የሚታመን ጥበቃ ነው። ዌፕ የተባለው የመጀመሪያው ደንብ ግን ሊሰበር እንደሚችል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ላፕቶፑ ከዌፕ ሌላ የማያውቅ ከሆነ ራውተሩን ወደዚያ ማውረድ፣ ወይም ዋይፋዩን ያለ ፓስወርድ መተው ፈጽሞ አይገባም። ከዋይፋዩ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሲስተም ነው፦ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ለዊንዶውስ 7 በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ በራውተሩ የእንግዳ ኔትወርክ በኩል ማገናኘት ከሌሎቹ የቤቱ ዕቃዎች ይለየዋል፤ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያ እያገኘ እንዲቀጥል ያደርገዋል። የባንክ ሒሳብ ግን ድጋፉ በተቋረጠ ሲስተም ላይ ባይከፈት ይመረጣል።

ሌላው ተቃውሞ ፍጥነትን የሚመለከት ነው። ዝግተኛ ዕቃ አየሩን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ሌሎቹን ማዘግየቱ እውነት ነው። ሆኖም አሮጌውን በ2.4፣ አዳዲሶቹን በ5 ጊጋኸርዝ መለየቱ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ የሚበቃ በመሆኑ፣ ተማሪ ለሚያነብበትና ጽሑፍ ለሚሠራበት ላፕቶፕ የቀድሞው ደንብ አያንስም። ካርዱ ራሱ ከሞተም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ ይገኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይከበር፦ መጀመሪያ ምልክቱን ማየት፣ ቀጥሎ ሴቲንጉን፣ ከዚያ ድራይቨሩን፣ ከዚያ የዩኤስቢ መቀበያውን፤ አዲስ መግዛት የመጨረሻው ነው። ራውተር የሚተክል ባለሙያም ሥራውን ጨረስኩ ከማለቱ በፊት የቤቱን ዕቃዎች ሁሉ፣ አሮጌውን ጭምር፣ አገናኝቶ ቢያሳይና የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ ለባለቤቱ ቢያስረክብ፣ ብዙ ቤተሰብ ከማይገባ ወጪ ይድናል። ይህን መጠየቅም የደንበኛው መብት ነው።