በር ዘግቶ ድምፅን ማለማመድ

በቂርያት መላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ ብዙዎቻችን በጠባብ ቤት ስለምንኖር የአንዱ ድምፅ ለሌላው ይሰማል። ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት መሆኗን ለምታውቅ ልጅ፣ ማለትም ለትራንስጀንደር፣ ይህ ፈተና ነው። የሴት ሆርሞን በጉርምስና የጎረነነውን ድምፅ አያቀጥነውም፤ በአብዛኛው የሚለውጠው ልምምድ ነው።

በአማርኛ «እሄዳለሁ» ሲባል ወንዱም ሴቷም አንድ ናቸው። በዕብራይስጥ ግን ወንዱ «አኒ ሆሌኽ»፣ ሴቷ «አኒ ሆሌኸት» ይላሉ። ቃሉ የሴት፣ ድምፁ የወንድ ሲሆን ሰው ዞሮ ያያታል። ስለዚህ በር ዘግታ ትለማመዳለች።

ልምምዱ አጭር ይሁን፤ ውሃ ይጠጣ፤ ጉሮሮ ካመመ ይቁም። «ክሊናኢት ቲክሾሬት» የምትባለውን የንግግር ባለሙያ ለማግኘት የቤተሰብ ሐኪም ይጠየቅ። እኛ ወላጆችም ሳናንኳኳ አንግባ፤ በድምፅዋም አንሳቅ።