የሆሞሻ ወርቅና የሩቁ ገበያ

አንባቢ ሆይ፤ ካርታ ዘርግተው ከአሶሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ጣትዎን ቢያስኬዱ ሆሞሻን ያገኛሉ። «ዓለም አንድ መንደር ሆነች» ሲባል ነገሩ በአውሮፕላንና በስልክ የተጀመረ ይመስለናል። የበርታ አገር ሰው ግን ከሩቁ ገበያ ጋር የተዋወቀው ስልክ ሳይፈጠር ነው፤ ያስተዋወቀውም ጠመንጃ ነበር።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1812 ዓ.ም. ልጁን ኢስማኤልን ወደ ሱዳን ያዘመተው ለሠራዊቱ ባሪያ፣ ለግምጃ ቤቱ ወርቅ ፈልጎ ነው። ጦሩ እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ፤ ወርቁ ግን እንደ ወሬው ሆኖ አልተገኘም። በ1831 ዓ.ም. መሐመድ ዓሊ ራሱ በስተርጅና እዚያው ድረስ መጥቶ አየው። ወንዝ ዳር በገበቴ እየታጠበ በቅንጣት የሚለቀም ወርቅ በሠራዊት ብዛት አይበዛም። ሰውን ማፈስ ግን ይቻላል፤ ስለዚህ የባሪያው ንግድ ደራ።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ወደዚያ ሲዘምት በአካባቢው ሦስት የሼሆች ግዛቶች ነበሩ፤ ቤላ ሻንጉል፣ አቆልዲና ሆሞሻ። ከሼሆቹ መካከል ኋላ ገንነው የወጡት የአቆልዲው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ናቸው። በአዲስ አበባ «ሸጎሌ» የሚባለውን ሰፈር ያውቁት ይሆናል፤ ስሙ የእርሳቸው ነው። ግብራቸው ወርቅ ነበር፤ ከወርቁ ጋር ግን ሰውም ወደ መሀል አገር ይጋዝ ነበር። ይህን ስንጽፍ ደስ አይለንም፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ማዶ ሰው ላይ መጣል እውነቱን ግማሽ ማድረግ ነው።

በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ወሰን ተሰመረ፤ የበርታም ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ልታጠፋ ቃል ገባች፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ሻረችው። ትናንት ሰውን ሲሸጥና ሲገዛ የኖረው ዓለም ዛሬ ዳኛ ሆኖ መጣ። ዳኝነቱ ግን የጠቀመ ዳኝነት ነበር።

ወርቁስ? ዋጋው ዛሬም የሚቆረጠው በሩቅ ከተማ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ተዋጊዎቹ ወገኖች ለመሣሪያና ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ካገኙባቸው ነገሮች አንዱ ወርቅ ነበር፤ ብዙውም ወደ ዱባይ ገበያ ይሄዳል። ከዚያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ገቡ። በሆሞሻ ወረዳ የሚገኘው የሸርቆሌ መጠለያ ደግሞ ከቀድሞው የሱዳን ጦርነት ጀምሮ፣ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ፣ ስደተኛ ሲቀበል የኖረ ነው።