ባለቀለም ፎቶግራፍ ሁሉ እውነተኛ ነውን?

ባለቀለም ፎቶግራፍ ባየን ጊዜ፤ «ቁርጥ እርሱን!» ማለት ልማዳችን ነው። ጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ ቀለም እንደ ጎደለው ለማንም ስለሚታይ ተመልካቹን አያታልልም። ባለቀለሙ ግን የጎደለው ነገር ያለ ስለማይመስል ያለ ጥርጥር እንቀበለዋለን። ስለዚህ ቀለሙ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

የዚህ ጥበብ መሠረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በለንደን ታየ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ፥ አንድ ዝንጉርጉር ጥብጣብ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ለየብቻው ፎቶግራፍ አስነሣ። ሦስቱንም ምስሎች በየቀለማቸው ብርሃን አነባብሮ በመጋረጃ ላይ ቢያሳያቸው፤ የጥብጣቡ መልክ ከነቀለሙ ተገለጠ።

ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ስለዚህ ማተሚያ ቤት የሚጠቀመው ከነጩ ወረቀት የሚመለሰውን ብርሃን በሚቀንሱ ቀለሞች ነው፤ እነርሱም ቢጫ፥ ማጀንታ የሚባለው ደማቅ ሐምራዊና ሳያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊ ናቸው። ጥላውን ለማጥቆር ጥቁር ይጨመርባቸዋል። የታተመውን ሥዕል በማጉያ መነጽር ብናየው የምናገኘው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ነጠብጣቡን አዋሕዶ ፊት ወይም አበባ የሚያደርገው የራሳችን ዓይን ነው።

በፎቶ ቤት የሚታጠበውም ፎቶግራፍ ነጠብጣብ ባይኖረው፤ በሦስት ድርብርብ ቀለም የተሠራ ነው። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ይሁን የሚለውን የሚወስን ሰው አለ ማለት ነው። ነገሩም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፥ ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፎቶ አጣቢዎች መለኪያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን ስሙም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእርስዋ መልክ ካማረ ሥራው ተቃና ይባላል። እንደ እኛ ጠይምና ጥቁር የሆነ ሰው ግን ከነጭ ጎን ቆሞ ሲነሣ፤ ፊቱ ጨልሞ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታዩ ነበር። የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎችም የቡናማው ዓይነት አልለይ ስላላቸው አቤቱታ አቀረቡ፤ ይህም ለፊልሙ መሻሻል አንዱ ምክንያት ሆነ። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሴቶች በአንድነት የሚታዩበት የኮዳክ ካርድ የወጣው ግን በ1990ዎቹ ነው።

ካሜራው አልዋሸም፤ መለኪያው ግን የአንድ ወገን ነበር። ስለዚህ ባለቀለም ፎቶግራፍ ስንመለከት «ያምራልን?» ከማለት አልፈን፤ «በማን መልክ ተለካ?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።