የመሥሪያ ቤት ኅትመት፤ በቤት ወይስ በውጭ?

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የራሱ ማተሚያ ክፍል ካለው፤ ባጀት በሚዘጋጅበት ወር አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይኸውም ቅጹን፣ ደረሰኙንና ዓመታዊ መግለጫውን ራሱ ማተሙን ይቀጥል፤ ወይስ ክፍሉን ዘግቶ ሥራውን በጨረታ ለውጭ ማተሚያ ቤት ይስጥ? የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሕዝብ ገንዘብ፣ የሠራተኞች እንጀራና የመንግሥት ምሥጢር ያሉበት ስለ ሆነ፤ በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚጀምረው ከሒሳቡ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መሥሪያ ቤት በዓመት 1,000,000 ገጽ ያትማል እንበል። ለወረቀት፣ ለቀለምና ለጥገና 500,000 ብር፤ ለደመወዝ 400,000 ብር፤ ለማተሚያው መኪና እርጅና፣ ለክፍሉ ኪራይና ለአስተዳደር ድርሻ 300,000 ብር ይመዘገባል። ድምሩ 1,200,000 ብር ስለ ሆነ አንዱ ገጽ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ያወጣል ማለት ነው። የውጭ ማተሚያ ቤት በ90 ሳንቲም አትማለሁ ቢል 300,000 ብር የሚተርፍ ይመስላል።

ነገር ግን ሊጠየቅ የሚገባው «ክፍሉ ምን ያህል ያስወጣል?» ሳይሆን «ክፍሉ ቢዘጋ የትኛው ወጪ ይቆማል?» ነው። አንዲት የቤት እመቤት እንጀራ ከገበያ መግዛት ብትጀምር የጤፉ፣ የማገዶውና የጋጋሪዋ ወጪ ይቆማል፤ ምጣዱ የተገዛበት ገንዘብ ግን አይመለስም፤ የቤቱም ኪራይ አይቀንስም። በምሳሌአችንም ያ 300,000 ብር፤ መኪናው ካልተሸጠና ክፍሉ ለሌላ ጥቅም ካልዋለ፤ በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ላይ እንዳለ ይኖራል። በዚህ ላይ ውል የሚያዘጋጅ፣ እርማት የሚያይና የታተመውን ቆጥሮ የሚረከብ ሰው በ100,000 ብር ቢቀጠር፤ ጠቅላላው ወጪ 1,300,000 ብር ይሆናል። ትርፍ የመሰለው ነገር ወደ 100,000 ብር ኪሳራ ተለወጠ። ሠራተኞቹ ሥራ ሳይኖራቸው ደመወዝ የሚከፈላቸው ከሆነ ደግሞ ኪሳራው 500,000 ብር ይደርሳል። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይሁን እንጂ መኪናው አርጅቶ ሌላ መግዛት ግድ በሚሆንበት ዓመት ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ገና ያልተገዛ መኪና ዋጋ ሊድን የሚችል ገንዘብ ነውና። ስለዚህ ጥያቄው መነሣት ያለበት አዲስ መኪና ከመታዘዙ በፊት ነው።

ከዋጋ ሌላ ምሥጢርና ጊዜም መመዘን አለባቸው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የሚባዛው በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በአንድ አሮጌ ማባዣ ነበር። የከተማው ማተሚያ ቤት በዋጋ ሳይሻል አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን የባለቤቱ ልጅ ከእኛው ጋር በአንድ ክፍል ይማር ነበር። ስለ ጊዜም ቢሆን፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመንግሥት አካላትና ማንኛውም ሰው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን ሕግ እንደ ታወቀ አድርገው መቀበል አለባቸው። እንዲህ ላለው ጽሑፍ የኅትመት መዘግየት የሕግ ጉዳይ እንጂ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

የሌላ አገር ታሪክም ያስተምራል። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1846 ኅትመቱ አነስተኛ ዋጋ ላቀረበ ተጫራች እንዲሰጥ ደነገገ። ተጫራቾች ሥራውን ለማግኘት ሲሉ ከወጪያቸው በታች ዋጋ ይሰጡ ጀመር፤ ሥራው ዘገየ፤ ጥራቱም ወደቀ። ስለዚህ በ1852 ይህ አሠራር ቀረ፤ በ1860 የመንግሥት ማተሚያ ቤት እንዲቋቋም ተወሰነና በ1861 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ግን ይኸው ማተሚያ ቤት ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርብለትን አብዛኛውን ሥራ በጨረታ ለግል ማተሚያ ቤቶች ያስተላልፋል፤ የኮንግረሱን ዕለታዊ መዝገብና ፓስፖርቱን ግን ራሱ ያትማል። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1786 የተቋቋመው የመንግሥት ጽሕፈት መሣሪያና ኅትመት ቤት በ1996 ወደ ግል ሲዛወር፤ የዘውዱን የቅጂ መብት የሚጠብቀው ክፍል በመንግሥት እጅ ቀርቷል።

በእኛም አገር ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ፤ ምርጫው «የራስ ክፍል ወይስ የግል ነጋዴ» ብቻ አይደለም፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገለግል የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሦስተኛው መንገድ ነው።

በእኔ አስተያየት ሥራውን በጅምላ ከመወሰን ይልቅ በዓይነት መለየት ይሻላል። ምሥጢር ያለበትና በአንድ ሌሊት የሚፈለገው በቤት ይቅር፤ ብዛት ያለውና ጊዜ የሚሰጠው መጽሐፍና ቅጽ ወደ ውጭ ይውጣ። ጨረታውም ዋጋን ብቻ ሳይሆን የማስረከቢያ ቀንንና የወረቀቱን ዓይነት ይመዝን። ከሁሉ በላይ ግን ክፍሉ ቢዘጋ እንኳ ኅትመት የሚያውቅ አንድ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ሊቀር ይገባል። የዕቃውን ዓይነት የማያውቅ ገዢ፤ ሻጩ የነገረውን ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ የለውምና። ያ ሰው ደግሞ ምናልባት ዛሬ በዚያው ክፍል መኪናውን ሲያንቀሳቅስ የምናየው ሠራተኛ ነው።